ባለ 5ኤል ሃይሉክስ፦ ቀለሟን ትታችሁ ውሃዋንና ናፍጣዋን ጠይቁ

መኪናዋ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ደብል ጋቢና፣ ፎር ዊል፣ ነጭ። ሞተሯ 5ኤል የሚባለው ባለ 4 ሲሊንደር ናፍጣ ነው፤ 2,986 ሲሲ። ተርቦ የላትም። ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓዋም ሜካኒካል ነው። ከእኔ በፊት የአንድ ድርጅት የመስክ መኪና ነበረች።

እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ የእርሻ ግብዓት ሱቅ አለኝ። ምርጥ ዘር፣ ፀረ አረም፣ የመርጫ መሣሪያ፣ የእህል ማከማቻ ከረጢት እሸጣለሁ። ዕቃውን ከአዲስ አበባ አመጣለሁ። ከዚያ ወደ ቋሪት፣ ወደ ደጋ ዳሞት፣ ወደ ሰከላ አደርሳለሁ። የምነዳውም ራሴ ነኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ኩንታል ተጭኖባት ጭቃና ዳገት ለምትገፋ መኪና ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር።

ፍርዴን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። በጎጃም መንገድ ለሚሠራ ሰው 5ኤል ዛሬም ገንዘቧን ታወጣለች። ግን የትኛዋም 5ኤል አይደለችም። ያገለገለ ናፍጣ መኪና ስትገዙ ዋናው ሁለት ነገር ነው፦ እስከ ዛሬ ምን ዓይነት ናፍጣ ስትጠጣ ኖረች? ራዲያተሯ ውስጥስ ምን ሲሞላላት ኖረ? እነዚህ ሁለቱ ደህና ከሆኑ ሌላው ሁሉ ይጠገናል። ላሜራ ይቃናል፣ ወንበር ይለበሳል፣ ባልስትራ ይቀየራል። ሁለቱ ከተበላሹ ግን የገዛችሁት የሞተር ዕዳ ነው።

ገበያ ላይ ከሃይሉክስ ናፍጣ ብዙ ዓይነት ታገኛላችሁ። የቆዩት 2ኤልና 3ኤል ናቸው፤ አንዱ 2,446፣ ሌላው 2,779 ሲሲ። 5ኤል የእነሱ ታናሽ ነው፤ አሠራሩም ያው የእነሱ ነው። ከዚያ ዲፎርዲ የምንላቸው መጡ፤ 2ኬዲና 1ኬዲ የሚባሉት ሞተሮች። መንገድ ላይ የምናያቸው ቪጎ የሚባሉት ናፍጣ ሃይሉክሶች አብዛኞቹ እነዚህን የያዙ ናቸው። ለመለየት ኮፈኑን ከፍታችሁ የሞዴሉን ቁጥር የያዘችውን የብረት ሰሌዳ እዩ። ኤልኤን ብሎ ከጀመረ የኤል ሞተር ይዛ የመጣች ናት። ኬዩኤን ካለ ኬዲ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ 5ኤል-ኢ የሚባልም አለ። እሱ ፖምፓው በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ነው። የእኔዋ ኢ የሌለባት ናት፤ የማወራውም ስለ እሷ ነው።

ዲፎርዲ መጥፎ መኪና ነው አልልም። ዳገት ላይ የእኔዋን ጥሎ ነው የሚሄደው። ናፍጣም ይቆጥባል። ችግሩ አመጋገቡ ላይ ነው። ናፍጣውን የሚረጨው ከ1,300 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። በዚያ ግፊት የሚሠራ ኢንጀክተር ክፍተቶቹ እጅግ ጠባብ ናቸው። ትንሽ ውሃ፣ ትንሽ አቧራ ይበቃዋል። ሲበላሽም መመርመሪያ ኮምፒውተር ያለው ባለሙያ ይፈልጋል። ያ ባለሙያ ባሕር ዳር አለ፣ አዲስ አበባ አለ። ገበዘ ማርያም ዳገት ላይ ለቆመ ሰው ግን ሩቅ ነው። የኤል ሞተር ፖምፓ የሚሠራው ከዚያ በብዙ ባነሰ ግፊት ነው። ቆሻሻ ናፍጣ እሱንም ይጎዳዋል። ግን ቀስ ብሎ፣ ምልክት እያሳየ ነው የሚጎዳው። ለጥገና ጊዜ ይሰጣችኋል። እኔን ያሳመነኝ ይኸው ነው።

አሁን ወደ አገዛዙ ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አደርገዋለሁ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ።

መኪናዋ የነበረችው ደብረ ማርቆስ ነው። ደላላው በስልክ፣ «እቴ፣ ይቺማ ገዝቶ መንዳት ነው፤ ምንም አትጠይቅም» አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት። ማታ ከቆመችበት ማንም እንዳያስነሳት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እኔና መካኒኩ ግቢው በር ላይ ነበርን። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው። የጠዋቱ ብርድ ለናፍጣ ሞተር ትክክለኛው ፈተና ነው። የሞቀ ሞተርማ ፋሻው፣ ማለትም የፒስቶኑ ቀለበት፣ ያለቀም ቢሆን ይነሳል። ሻጭ መኪናውን አሙቆ ከጠበቃችሁ በሌላ ቀን ተመለሱ። ቅር ቢለው ይበለው።

መካኒኩ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። «ጋሼ» ነው የምላቸው። መጀመሪያ መዳፋቸውን የሞተሩ የላይኛው ክፍል በሆነው ቴስታታ ላይ አሳረፉ። «ቀዝቃዛ ነው ልጄ፤ አላታለሉሽም» አሉኝ። ቀጥለው የራዲያተሩን ክዳን ፈቱ። ጣታቸውን ነክረው አወጡና ለብርሃን አዙረው አዩት። ዝገት የለውም። ላዩ ላይ የተንሳፈፈ ዘይትም የለም። ኩላንቱ ቀለሙን እንደያዘ ነው። «ቡኒ ሆኖ ካገኘሽው ተራ ውሃ ሲሞላላት ኖሯል። ዘይቱ ደግሞ ቡና በወተት መስሎ ካገኘሽው ውሃ ገብቶበታል፤ ዋጋ ሳትጠይቂ ወደ ቤትሽ ተመለሺ» አሉኝ። የዘይት መለኪያውንም መዘው አዩት። ጥቁር ነው። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ነጣ ብሎ አረፋ መምሰሉ ነው።

ከዚያ ቁልፉን እኔ አዞርኩ። ዳሽቦርዱ ላይ የተጠማዘዘ ሽቦ ምስል ያላት ብርቱካናማ መብራት በራች። የማሞቂያ ካንዴላዎቹ መብራት ናት። እስክትጠፋ ጠበቅኩና አስነሳሁ። ወዲያው ተነሳች። ከማርሚታው ትንሽ ነጭ ጭስ ወጣና ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። በብርድ ይህ ደህና ነው። ሞተሩ ሞቆም ነጩ ጭስ ካልጠፋ ግን ነገር አለ። ሽታው ጣፈጥ ካለ ኩላንት እየተቃጠለ ነው፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ሄዷል፣ ወይም ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል። ዓይን የሚቆጠቁጥ የጥሬ ናፍጣ ሽታ ከሆነ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ወይም ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ የአየር ግፊት) ይመርመር። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጥቁር ጭስ ደግሞ ናፍጣ በዝቶ አየር ማነሱን ነው የሚናገረው። በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ዳገት ላይ ጠቆር ያለ ጭስ ማውጣቱ አይቀርም። ሜዳ ላይ ሲያጨስ ነው የሚያሳስበው።

ሞተሩ እየሠራ ጋሼ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈቱት። ገልብጠው እዚያው ቀዳዳው ላይ አስቀመጡት። ሁላችንም ዝም ብለን አየነው። ክዳኑ ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልተነሳም። ነገሩ ቀላል ነው፤ ብዙ ግን ይናገራል። ፋሻው ያለቀ ሞተር የሚቃጠለውን ጋዝ በፒስቶኑ ጎን ወደ ታች ያሳልፋል። መካኒኮች «ሞተሩ ይተነፍሳል» የሚሉት ይህን ነው። የሚተነፍስ ሞተር ክዳኑን ያዘልለዋል። በቀዳዳው በኩልም ጭስ ይግተለተላል። ይህን ካያችሁ ሙሉ የሞተር ጥገና ከፊታችሁ አለ ማለት ነው። የሚወጣውን ወጪ ከዋጋው ላይ ቀንሱ፣ ወይም ተዉት።

ሌላዋ የማትረሱት ነገር ቲ-ቤልት የምትለዋ መብራት ናት። ቁልፍ ሲከፈት ከሌሎቹ መብራቶች ጋር በርታ፣ ሞተር ሲነሳ መጥፋት አለባት። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የምትበራው የታይሚንግ ቺንጋው ይቀየር ስትል ነው። ቁልፍ ሲከፈት ጨርሶ ካልበራች አምፖሏ ወይ ተቃጥሏል፣ ወይ ሆን ተብሎ ተነቅሏል። ይህ ቺንጋ እየሮጣችሁ ቢበጠስ ፒስቶንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ከዚያ በኋላ የሚወራው ስለ ቺንጋ ሳይሆን ስለ ቴስታታ ነው። ሻጩ የተቀየረበትን ደረሰኝ ካላሳያችሁ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። እኔ በገዛሁበት ሳምንት ከነመወጠሪያው አስቀይሬ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በወረቀት ጽፌ ኮፈኑ ሥር ለጠፍኩት።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብዙም አላየሁት። ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ፣ የመሪው ቆዳ፣ የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ የበለጠ እውነት ይናገራሉ። ቆጣሪው ትንሽ እያለ የፔዳሉ ጎማ ብረቱ ድረስ ካለቀ፣ አንዳቸው ይዋሻሉ። ጎማው ደግሞ አይዋሽም።

ለሙከራ የነዳናት ወደ አማኑኤል መውጫ ነው። ከቆመች በኋላ ራዲያተሩን እንደገና ተመለከትን፣ የሥሯን ጠብታ አየን፣ አራቱን ጎማ በእጃችን ነካን። አንዱ ከሌሎቹ በልጦ ከጋለ ፍሬኑ ይዟል ወይም ኩሽኔታው ሊያልቅ ነው። የእኔዋ የኋላ ግራው ሞቅ ብሎ ነበር። የፍሬን ሸራ ቅያሪ ብቻ ሆነ።

እውነተኛው ፈተና ግን የዓባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ታች ወርዶ በጃፓን እርዳታ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መውጣት ነው። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይጨምራል። እዚህ ላይ 5ኤል ደካማ ናት። የፈረስ ጉልበቷ መቶ አይሞላም። ተርቦ ስለሌላት ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጉልበቷ ይቀንሳል፤ ደጀን ጫፍ ላይ ስትደርስ የባሕር ወለል ላይ ከሚኖራት ሩብ ያህሉ የለም። ዕቃ ጭኜ ስወጣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ብዙ እቆያለሁ። ከኋላዬ የሚመጣው ዲፎርዲ ጡሩንባ ያሰማል። ቀኝ ይዤ አሳልፈዋለሁ። የመርፌዋ ነገር ነው ዓይኔን የሚይዘው። የሙቀት መርፌዋ መሃል ላይ ካለች ደህና ነኝ። ከመሃል ከፍ ማለት ስትጀምር ማርሽ እቀንሳለሁ፣ ነዳጅ መስጫውን ለቀቅ አደርጋለሁ። በዚህች መኪና እልህ አያዋጣም።

ሲወርዱስ? በወጣሁበት ማርሽ ነው የምወርደው። ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ናፍጣ አይቆጥብም፤ ፍሬን ይበላል። ፍሬን ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። በረሃው ላይ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ጎማ ሲጨስ ላየ ሰው ይህን መንገር አያስፈልግም። አስፋልቱም በየቦታው መሬቱ እየተንሸራተተ ስለሚያብጥና ስለሚሰምጥ በፍጥነት የሚወረድ መንገድ አይደለም።

ስለ ውሃው ትንሽ ልጨምር፤ እዚህ ላይ የሚነገረው ነገር ብዙ ስህተት አለበት። በከፍታ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። 2,400 ሜትር ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በስፕሪንግና በጎማ ግፊቱን ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት አይዝም። ስንት መኪና «ሞተሩ ይሞቃል» ተብሎ ቴስታታው የተከፈተው ክዳኑ ሳይታይ ነው! ከሁሉ የረከሰው ዕቃ እሱ ነው፤ መጀመሪያ ቀይሩት። ኩላንትም ቅንጦት አይደለም። ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውን ነጥብም ከፍ ያደርጋል።

አንድ ጋራዥ ለፍሬን አስገብቻት የውሃውን ሙቀት የምትቆጣጠረውን ቴርሞስታት ሳይጠይቁኝ ነቅለው ጣሏት። «ለበረሃ ይሻላል፣ ውሃው እንደልቡ ይዞራል» ተባልኩ። በጣም ነው የተናደድኩት። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ብርድ ላይ በወጉ ሳይሞቅ ይሠራል። ናፍጣ ይበላል፣ ፋሻውም ቶሎ ያልቃል። ደግሞ በዚህ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ የማለፊያውን ቀዳዳ የመዝጋትም ሥራ አለው። ሲነቀል ከፊሉ ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ በአቋራጭ ይመለሳል። ስለዚህ ለበረሃ አይሻልም። ኦሪጅናሉን ፈልጌ አስመለስኩት። ጋራዥ ስትገቡ «ያለ እኔ ፈቃድ ምንም እንዳይነቀል» ብላችሁ ግቡ። የወጣውንም አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ።

ሞተሩ ከሞቀባችሁም ክዳኑን አትክፈቱ። ጥላ ፈልጋችሁ አቁሙ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታ ይሰነጥቃል። ቀዝቅዞ በእጅ ሲነካ ብቻ ነው ውሃ የሚጨመረው። መንገድ ላይ ልጆች በጀሪካን ውሃ ይዘው ሊረዷችሁ ሲሮጡ ይመጣሉ፤ አመስግናችሁ ጠብቁ።

ወደ ናፍጣው ልለፍ። እኛ አገር ናፍጣ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ማደያ ላይ ወረፋ አለ። ወረፋው ሲከፋ ሰው ወደ ጀሪካን ይሄዳል። የጀሪካን ናፍጣ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው የሸጠው ሰው ብቻ ነው። ውሃ ሊኖረው ይችላል። ነጭ ጋዝም ሊቀላቀልበት ይችላል። ነጭ ጋዝ ሞተሩን ያስነሳል፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የእነዚህ መኪኖች ፖምፓ የውስጡ ብረት የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ሌላ ዘይት የለውም። ነጭ ጋዝ ደግሞ ያን ቅባት የለውም። ብረት ከብረት ይፋጫል። ፖምፓ አንዴ ከተፋጨ ጥገናው ውድ ነው፤ የሚያስተካክለውም ሰው ጥቂት ነው።

ጀሪካን ግድ ሲሆንብኝ የማደርገውን ልንገራችሁ። ጀሪካኑን ሳላንቀሳቅስ አሳድረዋለሁ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል። ጠዋት ከላይ ያለውን ብቻ በቀስታ እቀዳለሁ። ከታች የቀረውን ታንከር ውስጥ አላስገባውም። በጨርቅ ማጥለል ቆሻሻውን ይይዛል እንጂ ውሃውን አያስቀረውም።

ከዚያ ፊልትሮው አለ። ኮፈኑ ሥር፣ የናፍጣው ፊልትሮ ታችኛው ጫፍ ላይ በእጅ የምትፈታ ቡለን አለች። ራሱ ላይ ደግሞ በእጅ የሚጫን ፓምፕ አለው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከታች ጠርሙስ ይዤ ቡለኗን ትንሽ አላላታለሁ። የላዩን ፓምፕ ጫን ጫን አደርጋለሁ። ጠርሙሱ ግልጽ መሆን አለበት። ትንሽ አቆይቼ አየዋለሁ። ናፍጣው ከላይ ቢጫ ሆኖ ይቀመጣል። ውሃ ካለ ከታች ለብቻው ተለይቶ ይታያል፤ በመሃላቸው ያለው መስመር ቁልጭ ያለ ነው። ንጹህ ናፍጣ መውረድ ሲጀምር ቡለኗን አጠብቃለሁ፣ ፓምፑን እስኪከብደኝ ድረስ እጫነዋለሁ። ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ማደያ ቀድቼ በነጋታው ከጠርሙሱ ሩብ ያህሉ ውሃ ሆኖ አገኘሁት። ያን ቀን ዲፎርዲ ብነዳ ኖሮ ኢንጀክተር እገዛ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ የፊልትሮ ምልክት ያላት መብራት ከበራችም ምክንያቷ ይኸው ውሃ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ከተማ እስክደርስ ብላችሁ አትንዱ።

ያው የእጅ ፓምፕ ናፍጣ አልቆባችሁ መስመሩ አየር ሲገባበትም ያገለግላል። ናፍጣ መኪና እንደ ቤንዚን መኪና ተሞልቶለት ወዲያው አይነሳም። አየሩ መውጣት አለበት።

መንገድ ተዘግቶ መኪናዋ ቆማ የምትሰነብትባቸው ጊዜያት አሉ። ያን ጊዜ ታንከሩን ሞልቼ ነው የማቆማት። ባዶው የታንከር ክፍል ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይፈጥራል። ጤዛው ውሃ ሆኖ ናፍጣው ሥር ይተኛል። የባትሪውን አሉታዊ ገመድም እፈታለሁ።

ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ፣ ከፊልትሮው ጋር። አቧራው ከበዛ ቀደም አደርገዋለሁ። የአየር ፊልትሮውን በበጋ ቶሎ ቶሎ እያወጣሁ አየዋለሁ፤ የደጋ ዳሞት መንገድ አቧራ ቀላል አይደለም። በኃይለኛ ኮምፕረሰር ከፊት ለፊት አታስነፉት፤ ወረቀቱ ይቀደዳል። ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በቀስታ።

ስለ ሻሲው ብዙ የምለው የለኝም። ባልስትራው ጠንካራ ነው፣ ባዶ ስትሆን ታንቀጠቅጣለች፣ ስትጫን ትረጋለች። ካምቢዮዋ ጠንካራ ነው። ፎር ዊሉ በክረምት ሰከላ መንገድ ላይ ሙሉ እምነት የሚጣልበት ነው። ናፍጣ በሊትር ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ታስኬዳለች፤ እንደ ጭነቱና እንደ ዳገቱ።

ጉድለቶቿን ግን አልደብቅም። ትጮኻለች። ረጅም መንገድ ላይ ስልክ ማውራት ቀርቶ አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፅ ከፍ ማድረግ አለባችሁ። ዳገት ላይ ታክታለች። ኦሪጅናል ዕቃዋ ተወዷል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኦሪጅናል ይገኛል፤ እኔም ብዙ ጊዜ ከአዲስ ኮፒ ይልቅ ያገለገለ ኦሪጅናል እመርጣለሁ። ኖዝል፣ ቺንጋና ቴርሞስታት ላይ ግን ያገለገለ አልገዛም። ቤተሰብ ይዞ አዲስ አበባ ቶሎ ቶሎ ለሚመላለስ፣ ጭነት ለማይጭን ሰው ይህችን መኪና አልመክርም። በደንብ የተያዘ ዲፎርዲ ይሻለዋል።

ዋጋዋ ደግሞ ዕድሜዋን አይመስልም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተወሰነ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋውን ይዞ ቀረ። ለገዢ ይከብዳል። ጥሩ የያዛት ሰው ግን ሲሸጥ አይከስርም።

የቀረው ወረቀቱ ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። እነዚህ መኪኖች ዕድሜ ስላላቸው ሞተር የተቀየረባቸው ብዙ ናቸው። መቀየሩ በራሱ ችግር የለውም፤ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ግን ስም ሲዛወር ትያዛላችሁ። ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኗን መኪናዋ ከተመዘገበችበት ትራንስፖርት ቢሮ ራሳችሁ አረጋግጡ፤ ደላላ ያመጣላችሁን ኮፒ አትመኑ። በውክልና ብቻ የተላለፈች መኪና ከሆነች ውክልናው መሸጥን እንደሚጨምርና እንዳልተሻረ አጣሩ። ከድርጅት የወጣች ከሆነች ደግሞ ከቀረጥ ነጻ ገብታ እንደሆነ ጠይቁ። ከቀረጥ ነጻ የገባች መኪና ቀረጧ ሳይከፈል ስሟ አይዛወርም። የእኔዋ ተከፍሎላት ነበር፤ ደረሰኙን ሳላይ ቀብድ አልሰጠሁም። ያልተከፈለ ከሆነ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ በስምና በቀን ይጻፍ።